ሌላኛው ወገን የት አለ?

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

አዘጋጆቹ ስለ ሚዛናዊ ዘገባ እንድናገር ጋብዘውኛል። ሚዛናዊነትን ያልተማረ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም፤ ግማሾቻችሁን ያስተማርኳችሁም እኔ ነኝ። ስለዚህ ትምህርቱን ትቼ በቀጥታ ወደ ቅሬታዬ እገባለሁ።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2009፣ የኮፐንሃገኑ የአየር ንብረት ጉባኤ ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ከእንግሊዙ ኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ የተሰረቁ ከሺህ በላይ ኢሜይሎች ኢንተርኔት ላይ ወጡ። ወሬውን ያራቡት የምድርን መሞቅ የሚጠራጠሩ ጦማሪዎች ናቸው። ፊል ጆንስ የተባሉት የዚያው ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ሳይንቲስት በ1999 ከጻፉት መልእክት «ማሽቆልቆሉን ለመደበቅ» የሚል ሐረግ መዘዙና «ይኸው! ሙቀቱ እየቀነሰ ነው፤ ሳይንቲስቶቹ ግን ይደብቁናል» አሉ።

እስቲ ዓመቱን ልብ በሉት። 1999! ከዚያ በፊት የነበረው 1998 እስከዚያ ድረስ በመሣሪያ ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ የሞቀው ነበር። ታዲያ የሚደበቀው የትኛው ቅዝቃዜ ነው? ያሽቆለቆለው የቴርሞሜትር ንባብ አይደለም። ሳይንቲስቶች የጥንቱን ሙቀት ከዛፍ ቀለበት ይገምታሉ፤ ከ1960 ወዲህ ግን ከአንዳንድ የሰሜን ዛፎች የተገኘው ግምት ወደ ታች ወርዶ ከቴርሞሜትሩ ጋር አልገጥም አለ። ይህም ቀደም ብሎ በሳይንስ መጽሔት የታተመ ጉዳይ ነው። በአንድ ሥዕላዊ መግለጫ ላይ ነገሩን በግልጽ አለማስረዳታቸው ያስወቅሳል፤ ተወቅሰውበታልም። ከዚያ ተነስቶ «የምድር መሞቅ ውሸት ነው» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህንን ለማጣራት አንድ ስልክ መደወል ይበቃ ነበር። እነዚያ ስንት ዘጋቢ፣ ስንት አርታኢ ያላቸው ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ግን ጦማሪዎቹ ያወጡለትን «ክላይሜትጌት» የሚል የቅሌት ስም ሳይቀር እንዳለ ተቀበሉ! በ2010 የብሪታኒያ ፓርላማ ኮሚቴና ሌሎች አጣሪዎች መርምረው ማጭበርበር አላገኙም፤ ሳይንቲስቶቹን የወቀሷቸው በዋነኛነት መረጃ ለመስጠት በማንገራገራቸው ነው። ውንጀላው ፊት ገጽ ላይ ወጣ። ነጻ መውጣታቸውስ? ፈልጋችሁ አግኙት!

ቢቢሲም አልዳነም። በኦገስት 2017 የቀድሞው የብሪታኒያ ገንዘብ ሚኒስትር ሎርድ ናይጄል ላውሰን በሬዲዮው ቀርበው ባለፉት አሥር ዓመታት የዓለም ሙቀት እንዲያውም በመጠኑ ቀንሷል ሲሉ ጠያቂው ዝም አለ። በ2018 የብሪታኒያ ብሮድካስት ተቆጣጣሪ የሆነው ኦፍኮም ጣቢያው ደንብ ጥሷል ብሎ ወሰነ። ሰማይ ዳመና ሲሆን «ጠራ» የሚል ሰው ፈልጎ ማምጣት ሚዛናዊነት አይደለም፤ ስንፍና ነው!

ወደ አገራችን ልመለስ። ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ ከብቱ አለቀ። በ2023 ወርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን የአየር ንብረት ለውጥ የአፍሪካ ቀንድን ድርቅ የመከሰት ዕድል ቢያንስ መቶ እጥፍ እንዳሳደገው አስታወቀ። አንዲት ወጣት ዘጋቢ ይህንን ጨምራ ብትጽፍ አርታኢዋ «ሌላኛው ወገን የት አለ?» ብሎ መለሰላት። ሌላኛውን ወገን ራሱ አገኘላት፤ ከዩቲዩብ! ሜዳ ላይ የወደቀውን ከብት ያየች ልጅ፣ ወንበሩ ላይ ሆኖ ቪዲዮ ባየ ሰው ታረመች።

ስለ ሥልጠናና ስለ በጀትም እንድናገር ተጠይቄ ነበር። ሥልጠናው ይሰጥ፤ በጀቱም ይመደብ። አርታኢውን ግን በስም አልጠራውም። እዚሁ አዳራሽ ተቀምጧል፤ መልስ ካለው ማይክሮፎኑን አስረክበዋለሁ።