ሐረጎ ላይ ማን ይቀድማል? ማዝዳና ፊያት

እንዴት ሰነበታችሁ ወገኖቼ። ዛሬ የመኪና ወሬ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ላይ የትኛው መኪና እንደሚቀድም። ነገሩ ብዙ ጊዜ ሲያብሰለስለኝ ስለቆየ ትንሽ ብዘረዝረው ታገሡኝ።

ጣሪያቸው የሚታጠፍ ሁለት ትንንሽ ስፖርት መኪኖች አሉ። አንዱ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አራተኛው ትውልድ። ሌላው በቀጣዩ ዓመት ገበያ የገባው ፊያት 124 ስፓይደር ነው። ስማቸው ይለያይ እንጂ ሁለቱም የተሠሩት ሂሮሺማ፣ ማዝዳ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከሥር ያለው አካላቸው አንድ ነው። ሁለቱንም የሚገፋቸው የኋላ ጎማ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ኮፈኑ ሲከፈት ነው። ማዝዳው ባለ 2 ሊትር ቤንዚን ሞተር ነው፣ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚነፋ መሣሪያ) የለውም፣ 160 የፈረስ ጉልበት አለው። የፊያቱ ሞተር 1.4 ሊትር ብቻ ነው፤ ግን ቱርቦ አለው፣ 140 የፈረስ ጉልበት ያወጣል።

ከዜሮ ተነስቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመግባት ማዝዳው 7.3 ሰከንድ ይፈጅበታል። ፊያቱ 7.5። ማዝዳ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ጉልበቱን ወደ 184 አሳድጎ ሰዓቱን ወደ 6.5 አውርዶታል። እኔ ግን የመጀመሪያውን ነው የያዝኩት፤ ምክንያቱም ሁለቱ ተቀራራቢ የሆኑት ያኔ ነው።

ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ምን ያህል ነው? በ100 ፍጥነት የሚሄድ መኪና በዚያች ቅጽበት አምስት ሜትር ተኩል ይጓዛል። የማዝዳው ርዝመት አራት ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ልዩነታቸው ቢበዛ ከአንድ ተኩል መኪና ርዝመት አያልፍም፣ በቃ። አንዱ ሹፌር ማርሽ ሲቀይር ፍሪሲዮን ላይ ትንሽ ከዘገየ ውድድሩ ተገለበጠ ማለት ነው።

እዚህ ድረስ ያለው የወረቀት ወሬ ነው። እኔን የሚቆረቁረኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ቁጥሮች የኛን አገር አያውቁትም። ፋብሪካዎች የፈረስ ጉልበት የሚገልጹት በባህር ጠለል አካባቢ ባለ አየር አስልተው ነው። ደሴ ያለችው ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ኮምቦልቻ እንኳን፣ እኛ ቆላ የምንላት፣ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናት። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። ሞተር ደግሞ በቤንዚን ብቻ አይሄድም። አየር ካጣ ቤንዚኑን የሚያቃጥልበት የለውም።

ይህንን ለማየት ስፖርት መኪና አያስፈልግም። ከኮምቦልቻ ሚኒባስ ተሳፈሩና ጋቢና ተቀመጡ። ሐረጎ ዳገት ሲጀምር ሹፌሩ ገና መታጠፊያው ሳይደርስ ማርሽ ይቀንሳል። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ይረግጣል። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይሄድም። በመስታወት ወደኋላ ብታዩ ጥቁር ጭስ ነው። ያ ጭስ ሁልጊዜ የሞተር ማርጀት ብቻ አይደለም። ቱርቦ በሌለው የድሮ ናፍጣ ሞተር ፓምፑ የሚሰጠው ናፍጣ ያው ነው፤ የቀነሰው አየሩ ነው። ያልተቃጠለው ናፍጣ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ዘመናዊ ቤንዚን መኪና ኮምፒውተሩ የአየሩን ማነስ አውቆ ነዳጁንም ስለሚቀንስ አያጨስም። ጉልበቱ ግን እኩል ይወርዳል።

አሁን ማዝዳውን ደሴ እናምጣው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ በግምት አሥር በመቶ ጉልበቱን ያጣል። ፒያሳ ሲደርስ 160ው ፈረስ ወደ 120 ገደማ ወርዷል ማለት ነው። 7.3 የሚባለው ሰከንድ እዚህ የለም።

ፊያቱስ? ቱርቦ ማለት ለሞተር ወናፍ ነው። በጭስ ማውጫው የሚወጣው ትኩስ ጋዝ አንዲት ትንሽ ተርባይን ያሽከረክራል፤ እሷም አየር አምቃ ወደ ሞተሩ ትነፋለች። አየሩ ሲሳሳ ተርባይኗ የበለጠ ትሽከረከርና የጎደለውን ትሞላለች። ገደብ አላት፣ ሁሉንም አትመልስም። ግን ከ140ው አብዛኛውን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ወረቀት ላይ የተሸነፈው መኪና ደሴ ላይ ያሸንፋል ባይ ነኝ።

ዳገት ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚወጣ መንገድ ብንወስድ፣ መሬት ወደኋላ የምትስበው ብቻ ማዝዳው ሜዳ ላይ ካለው አማካይ የፍጥነት ጭማሪ ከአምስት አንዱን ይበላል። እዚህ ላይ ነው ቶርክ የሚባለው ነገር፣ ማለትም የሞተሩ የማሽከርከር ኃይል፣ ዋጋው የሚታየው። ማዝዳው ትልቁን ቶርክ፣ 200 ኒውተን ሜትር፣ የሚሰጠው ሞተሩ በደቂቃ 4,600 ዙር ሲደርስ ነው። ፊያቱ 240ውን በ2,250 ዙር ይሰጣል። ከጠባብ ኩርባ ወጥታችሁ፣ ዙሩ ወርዶ፣ ፊታችሁ አቀበት ሲቆም የሚያስፈልጋችሁ ይሄ ነው። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ፊያቱ እንከን የለውም አልልም። ከቆመበት ሲነሳ ቱርቦው እስኪነቃ ትንሽ ያመነታል፤ ከፍታ ላይ ደግሞ ያቺ ማመንታት ትረዝማለች። ማዝዳው እግራችሁን እንደነካችሁት ነው የሚሰማው። ድምፁም ዙሩ በጨመረ ቁጥር እየጠራ ይሄዳል። ይህን መኪና የሚወዱ ሰዎች ስለ ሰከንድ ብዙም የማያወሩት ለዚህ ይመስለኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ነገሩን የሚለውጠው ሌላም አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ ጉልበቱ ያው ነው። ኤምጂ ሳይበርስተር የሚባል ጣሪያው የሚከፈት የኤሌክትሪክ መኪና አለ፤ ባለ ሁለት ሞተሩ በ3.2 ሰከንድ 100 ይገባል። ክብደቱ ወደ 2 ቶን ነው፣ የማዝዳው እጥፍ ገደማ። ኩርባ ላይ ያ ክብደት መሰማቱ አይቀርም። ዳገት ላይ ግን ሁለቱንም ጥሏቸው ይሄዳል።

አደራ፣ ማንም ተነስቶ ሐረጎ ላይ እንዳይሞክረው። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ አሥር ሜትር አይታይም፤ ከፊት ሲኖትራክ፣ ከጎን ገደል ነው። ይህ ሁሉ ስሌት ለማወቅ እንጂ ለመሽቀዳደም አይደለም።

የኔ ምርጫ? ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ከሆነ ፊያቱን። ወደ ሐርቡና ከሚሴ ወርጄ፣ ጣሪያውን ከፍቼ፣ የቆላው ንፋስ እየመታኝ የምሄድ ከሆነ ማዝዳውን። እናንተ ቱርቦ ያለውንም የሌለውንም ነድታችሁ ሐረጎን የወጣችሁ ካላችሁ፣ በተለይ የጭነት ሹፌሮች፣ በድምፅ ላኩልኝ። በሚቀጥለው ክፍል አሰማችኋለሁ።