በድኝ ጥላ ሥር የኖረው ማዕድን

የተከበራችሁ የማዕድን ወዳጆች፣

ነገሩ የጀመረው በመጥፎ ሽታ ነው። በ1817 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ኬሚስት ዮንስ ያኮብ በርዜሊየስ ከባልደረባው ከጋን ጋር በግሪፕስሆልም የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ የቀረውን ቀላ ያለ ዝቃጭ ሲያሞቁ የበሰበሰ ፍጅል ሸተታቸው። በመጀመሪያ የጠረጠሩት ቴሉሪየም የተባለውን ንጥረ ነገር ነበር፤ አልሆነም። የቴሉሪየም ስም ከመሬት ስለተወሰደ በርዜሊየስ ለአዲሱ ንጥረ ነገር የጨረቃን የግሪክ ስም ሰጠው፤ ሰሌኒየም አለው።

ብዙም ሳይቆይ በስዊድን ካለው ከስክሪከሩም የመዳብ ማዕድን ጉድጓድ የወጣ ግራጫ ማዕድን መረመረ። ሰሌኒየም ከመዳብና ከብር ጋር ተጣምሮ አገኘው። ስሙንም «ዩካይራይት» አለው፤ በግሪክኛ «በደህና ጊዜ የመጣ» እንደማለት ነው። ማዕድን እንዲህ በምስጋና ሲሰየም እምብዛም አላየሁም።

እንዲህ ያለ የሰሌኒየም ማዕድን ለምን ብርቅ ሆነ? ሰሌኒየም በምድር ቅርፊት ጥቂት መሆኑ እውነት ነው፤ ትልቁ ምክንያት ግን ድኝ ነው። ሁለቱ በጠባይም በመጠንም ስለሚቀራረቡ ሰሌኒየም በፒራይትና በካልኮፒራይት፣ ማለትም ድኝ ከብረት ወይም ከመዳብና ከብረት ጋር በተጣመረባቸው ማዕድናት ውስጥ የድኝን ቦታ ይዞ ይደበቃል። ወደ ግሪፕስሆልም ፋብሪካ የገባውም ከስዊድን ፋሉን በመጣ ፒራይት ውስጥ ተሸሽጎ ነው። ገበያው ዛሬም በአብዛኛው የሚያገኘው ከመዳብ ማጣሪያ ዝቃጭ ነው።

ራሱን ችሎ እንዲወጣ ድኙ ገለል ማለት አለበት። በአለት ስንጥቅ የሚያልፈው ሙቅ ውኃ ኦክሲጅን ሲበረታበት ድኙ ቀድሞ ከኦክሲጅን ጋር ተጣምሮ ሰልፌት ይሆናል፤ ሰሌኒየም ግን ለመለወጥ ይዘገያል። በዚህች ፋታ ብር፣ መዳብ፣ እርሳስ ወይም ሜርኩሪ ካገኘ ከእነሱ ጋር ይረጋል። በጀርመን ሃርትስ ተራሮች፣ ቲልከሮደ ላይ፣ ሰሌናይዶች (ሰሌኒየም ከብረታ ብረት ጋር የተጣመረባቸው ማዕድናት) ከሄማታይት ጋር መገኘታቸው ስለዚህ አይገርምም፤ ያ ቀይ የብረት ኦክሳይድ የውኃውን ጠባይ ይመሰክራል።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ናሙና ቀረብ ብላችሁ እዩት። በነጭ ካልሳይት መካከል ያለው ዩካይራይት አዲስ በተሰበረበት በኩል ብር ይመስላል፤ አየር የቆየበት ጎኑ ግን ጠቁሮ ነሐስማ ሆኗል። ቢላዋ በቀላሉ ይጭረዋል። ክብደቱ ግን ብረት የጨበጣችሁ ያስመስላል።

በታሸገችው ሣጥን ውስጥ ያለው ክሩክሳይት ነው፤ እሱም ከስክሪከሩም የታወቀ፣ በ1861 እ.ኤ.አ. ታሊየምን ባገኘው በዊልያም ክሩክስ የተሰየመ ሰሌናይድ። ታሊየም ስላለበትና ታሊየም ብርቱ መርዝ ስለሆነ ክዳኑ አይከፈትም። ዩካይራይቱን አንስታችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ የእጅ መታጠቢያው በበሩ በስተግራ ነው።