የማን ጭፍራ ነበሩ? የዘማች ቅድመ አያትን ታሪክ ፈልጎ መመዝገብ

[ምስል፦ ሱሉልታ፣ ማለዳ። ጭጋግ የተኛበት ሜዳ፤ ከበስተኋላው የእንጦጦ ጀርባ።]

ተራኪ፦ እዚህ ሱሉልታ፣ በአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን አንድ ሜዳይ ተሰቅሏል። ጥብጣቡ ደብዝዟል፤ ጠርዙ ላይ ዝገት ጀምሮታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር አያቴ በጣታቸው ይጠቁሙና «የአባቴ ነው፤ አርበኛ ነበር» ይላሉ። ቡናው ይቀዳል፣ ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል። እኛ ቤት ስለ ቅድመ አያቴ የሚነገረው ለብዙ ዓመት ይኸው ብቻ ነበር። የት ተዋጋ? መቼ ወጣ? መቼ ተመለሰ? ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ዛሬ የማሳያችሁ እኛ እንዴት መጠየቅ እንደጀመርን ነው። ጣልያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበር ጥሶ ሲገባ የዘመተ፣ ወይም በአምስቱ ዓመት በዱር በገደል የቆየ ዘመድ ካላችሁ፣ መንገዱ ለእናንተም ይሆናል።

[ምስል፦ ባዶ ደብተር። እጅ ስም ይጽፋል፤ ይሰርዛል፤ እንደገና ይጽፋል።]

ተራኪ፦ መጀመሪያ የሚያደናቅፈው ስም ነው። እኛ ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የቤተሰብ ስም የለም። የአያቱን ስም ሳትይዙ አንድ ኃይሌን መዝገብ ውስጥ መፈለግ ገበያ መሀል ቆሞ «ኃይሌ!» ብሎ እንደ መጣራት ነው፤ አሥር ሰው ዞር ይላል። ደግሞም አንዱ ሰው ብዙ ስም አለው። ለፍታቱና ለተዝካሩ የተጠራበት የክርስትና ስሙ ሌላ ነው፤ ጎረቤት የሚያውቀው ሌላ፤ ጓደኞቹ የሚፎክሩለት የፈረስ ስሙ ሌላ። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎን ብዙ ሰው ባልቻ አባ ነፍሶ ብሎ ነው የሚያውቃቸው። የእኛን ቅድመ አያት ደግሞ የሰፈሩ ሽማግሌዎች በዓለም ስሙ ስንጠራው አላወቁትም። የፈረስ ስሙን ስንነግራቸው ነው ፊታቸው የበራው።

ስለዚህ ደብተራችሁን ስትከፍቱ ከሁሉ በፊት ስሞቹን በሙሉ በአንድ ገጽ ጻፉ። ማዕረጉንም ጨምሩ። ግራዝማች ነበር? ባላምባራስ? የሃምሳ አለቃ? ማዕረጉን ማን እንደ ሰጠው ካወቃችሁ ደግሞ ግማሹን ሥራ ጨረሳችሁ።

[ምስል፦ አያት ከምድጃው አጠገብ፣ ስልክ በመቅጃ ላይ።]

ተራኪ፦ ለምን ግማሹን አልኩ? በዚያ ዘመን ክተት ሲታወጅ አብዛኛው ሰው የሚዘምተው የአገሩን ሹም ተከትሎ ነበር። ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን፣ የሌለው ጦርና ጋሻውን ይዞ፣ ስንቁን በራሱ ወይም በሚስቱ ትከሻ አስጭኖ ይነሣል። እንደ ክቡር ዘበኛ ያለው በዘመናዊ መንገድ የሠለጠነ ጦር ትንሽ ነበር። ተራውን ዘማች በስም የመዘገበለት ጸሐፊ አልነበረም፤ የሚያውቀው አለቃው ነው። አለቃው ግን በታሪክ ውስጥ አለ፤ በደብዳቤ አለ፣ በጠላት ቴሌግራም ሳይቀር አለ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የቅድመ አያቴን ስም ስፈልግ ባከንኩ። መፈለግ የነበረብኝ የአለቃውን ስም ነው።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ አያቴን እንዲህ ብዬ ጠየቅኋቸው፦ «እማማ፣ አባትዎ የማን ጭፍራ ነበሩ?»

አላመነቱም። «የደጃች አበራ ነዋ ልጄ! የራስ ካሣ ልጅ።»

ይህን መልስ ሰማንያ ዓመት ይዘውት ኖረዋል። የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ብቻ።

[ምስል፦ የኢትዮጵያ ካርታ። ቦታዎቹ አንድ በአንድ ይበራሉ።]

ተራኪ፦ የአለቃው ስም ከተገኘ ካርታው ይከፈታል። ራስ ካሣ ሰላሌን የሚገዙ፣ በሰሜን ጦር ግንባር ደግሞ ዋናው አዛዥ ነበሩ፤ ከራስ ሥዩም ጋር የተዋጉት ተንቤን ላይ ነው፣ በጥርና በየካቲት 1928። ራስ እምሩ ሽሬ ላይ ነበሩ። ራስ ሙሉጌታ አምባ አራዶም ላይ። በደቡብ ራስ ደስታ ገናሌ ላይ፣ ደጃዝማች ነሲቡ ኦጋዴን ላይ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የመሩት የማይጨው ጦርነት ደግሞ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ካርታው በተገላቢጦሽም ይሠራል። አለቃውን የሚያስታውስ ሰው ጠፍቶ «ገናሌ ላይ ቆሰለ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ከቀረላችሁ፣ ከራስ ደስታ ጦር ጀምሩ።

ቤተሰብ ሁሉንም «ማይጨው ዘምቶ ነበር» ብሎ እንደሚጠቀልለው አትርሱ። የዚያ ጦርነት ሁሉ ስም ማይጨው ሆኖ ቀርቷል። ተንቤን የቆሰለው ሰው በልጅ ልጆቹ አፍ ማይጨው የቆሰለ ይሆናል። ውሸት አይደለም፤ ግን ስትመዘግቡ ለዩት። ስለ መርዙም ጠይቁ። «ከሰማይ የወረደ ዝናብ ቆዳውን ላጠው» የሚል ነገር ከሰማችሁ፣ ጣልያን በአውሮፕላን ያፈሰሰው የመርዝ ጋዝ ነው። ቃሉን እንደተነገራችሁ ጻፉት፤ አታሳምሩት።

[ምስል፦ ከሱሉልታ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ፣ ዝናብ።]

ተራኪ፦ እኛ ያለንበት ይህ መንገድ ራሱ የታሪኩ አካል ነው። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣልያን እጅ ከገባች ከሦስት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 21 ቀን፣ አርበኞች ከተማዋን ለማስለቀቅ ከየአቅጣጫው ገቡባት። ከሰሜን በኩል የደጃዝማች አበራ ካሣ ሰዎች ነበሩ። ክረምት ነው፤ ወንዙ ሞልቷል፤ መገናኛ ሬድዮ የለም፤ አንዱ ሲደርስ ሌላው ገና ነው። ጥቃቱ ሳይሳካ ቀረ። በማግስቱ፣ ሐምሌ 22፣ አቡነ ጴጥሮስ ተረሸኑ። ታኅሣሥ 1929 ደግሞ ደጃዝማች አበራና ወንድማቸው አስፋ ወሰን፣ ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ፣ ፍቼ ላይ ተገደሉ።

አያቴ የሚያስታውሱት የአባታቸው ቃል አንድ ነው፦ «በክረምት፣ በእንጦጦ ወርደን ነበር፤ ጭቃው አሸነፈን።» ቀኑን አያውቁትም። ቀኑን ከአለቃው ታሪክ አገኘነው።

ግን እዚህ ላይ አዲስ ጥያቄ መጣ። አለቃው ሲገደል ጭፍራው የት ገባ? አንዱ የአያቴ ዘመድ «ወደ ራስ አበበ አረጋይ ተሻግሯል» ይላሉ። ሌላው፣ የሰማንያ ሰባት ዓመት ሽማግሌ፣ «ኧረ ቤቱ ተመልሶ ያርስ ነበር፤ ሌሊት ግን ጥይትና ጨው ለዱሩ ያቀብላል» ይላሉ። ይኸኛው የውስጥ አርበኛ የምንለው ነው። ሽማግሌው ይህን ሲያወጉኝ መሀል ላይ ወደ ኦሮምኛ ገቡና ጌረርሳ፣ የኦሮሞን የጀግንነት ዜማ፣ ማሰማት ጀመሩ። ምክሬ አንድ ነው፦ በዚያ ጊዜ ምንም አትናገሩ። መቅጃው ይሂድ። «በአማርኛ ይንገሩኝ» ብትሉ ይቆማል፤ ሁለተኛ አይመለስም። ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል። ፉከራውም፣ ቀረርቶውም፣ ሴቶቹ ያወረዱት ሙሾም እንዲሁ ነው። የሰው ስምና የወንዝ ስም ሳይለወጥ የሚቆየው ግጥም ውስጥ ነው፤ ቤት መምታት ስላለበት በቀላሉ አይቀየርም።

ሴቶቹን ዝም ብላችሁ አትለፉ። ስንቅ የተሸከሙት፣ ቁስለኛ ያስታመሙት፣ መሣሪያ የደበቁት እነሱ ናቸው። እኛ ለቅድመ አያቴ ሚስት ገጽ የከፈትነው ሥራውን ከጀመርን ከዓመት በኋላ ነው። ዘግይተናል።

[ምስል፦ በፕላስቲክ የታሸገ አሮጌ ወረቀት፤ ቀለሙ ደብዝዟል።]

ተራኪ፦ ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ይህን የምታዩትን ወረቀት አጎቴ «እንዳይበላሽ» ብሎ ላሚኔት አስደረገው። ያሰበው ለበጎ ነበር። ሙቀቱ ግን ማኅተሙን አጠፋው፤ ከእንግዲህም ከፕላስቲኩ አይላቀቅም። እባካችሁ አሮጌ ወረቀት ላሚኔት አታድርጉ፣ በፕላስተር አታጣብቁ። በቀን ብርሃን፣ ከመስኮት አጠገብ፣ ፊቱንም ጀርባውንም በስልክ አንሱና በንጹሕ ፖስታ ውስጥ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ፎቶግራፍም እንዲሁ፤ ጀርባው ላይ ጽሑፍ ይኖራል። ሜዳዩን አትወልውሉት። ጥብጣቡ ላይ ዘንባባ ካለ ቁጠሩና ጻፉ። በሽልማት መዝገቦች የአርበኝነት ሜዳይ የሚጠቀሰው ከነዘንባባው ብዛት ነውና ለማመሳከር ይረዳችኋል።

ከድል በኋላ መንግሥት ለአርበኞች መሬት ሰጥቷል። ለጥያቄውም ምስክር ያስፈልግ ነበርና የጋሻ መሬት ወረቀት ካላችሁ የምስክሮቹን ስም አንብቡ፤ አብረውት የዘመቱ ሊሆኑ ይችላሉ።

[ምስል፦ ስድስት ኪሎ፣ የዩኒቨርሲቲው በር።]

ተራኪ፦ ከቤት ስትወጡ የመጀመሪያው በር ወመዘክር ነው፣ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት። ከግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመውን አዲስ ዘመን እዚያ ፈልጉት፤ የሹመትና የሽልማት ዜናውን፣ የሙት መታሰቢያውንም አገላብጡ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቀጣዩ ነው። ተቋሙ ያለበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩበት ግቢ ነው። የዘማች ወረቀት ስፈልግ በዚያ ደረጃ ላይ መውጣት እስከ ዛሬ አልተለመደኝም፤ እግሬ ይከብደኛል። የአርበኞች ማኅበሩንም አትርሱ። በሚያዝያ 27 የድል በዓል ዕለት አራት ኪሎ የሚሰበሰቡትን አረጋውያንና የአርበኛ ልጆች ቀርባችሁ አነጋግሩ።

ቤተሰባችሁ «ተግዞ ሄደ» የሚል ከሆነ ወዴት ብላችሁ ጠይቁ። ሞቃዲሾ ከተባለ ዳናኔ የሚባለው የእስር ሰፈር ሊሆን ይችላል። ቀይ ባሕር ከተባለ የኖኩራ ደሴት። ባሕር ተሻግሮ ጣልያን አገር የታሰረም ብዙ ነው።

የጣልያን ሰነድ ሮም በጦር ሠራዊቱ የታሪክ ቢሮ አለ። ሁለት ነገር ያምታታችኋል። አንዱ ዘመኑ ነው፦ የኛ 1928 እነሱ ዘንድ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ድረስ 1935፣ ከዚያ ወዲህ 1936 ነው። በጎኑም የፋሺስቱን ዘመን በሮማ ቁጥር ይጨምሩበታል። ሌላው አጻጻፉ ነው፦ ቀኛዝማች «ካኛስማች» ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ዓይን የማያውቀውን ጆሮ ያውቀዋል።

[ምስል፦ ጨለማ ስክሪን፤ ድምፅ ብቻ።]

ተራኪ፦ ከባዱን ነገር ልንገራችሁ። ፈልጋችሁ የምታገኙት ማዕረግ ሹምባሽ ወይም ቡሉቅባሽ ሊሆን ይችላል። ይህ በጣልያን ቅኝ ጦር ውስጥ ለአገሬው ወታደር የሚሰጥ ማዕረግ ነው። በግድ የገባ አለ፣ በእንጀራ የገባ አለ፣ ገብቶም ከነጠመንጃው ወደ አርበኛው የከዳ አለ። አትሰርዙት። ጻፉት፤ ከነምክንያቱ ፈልጉት። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ለሰላም ድርድር ባቀረበው መግለጫ በጦር ሜዳ 275,000፣ በአምስቱ ዓመት የአርበኞች ውጊያ 78,500 ሰው ሞቷል ይላል። ይህን ሁሉ ሰው በስም የያዘ አንድ መዝገብ የለም። ስሙን የምንጽፍለት እኛ ነን፤ የፈለግነውን እየመረጥን ከጻፍን ግን የጎረቤቱ ልጅም የኛን አያምነንም።

[ምስል፦ ደብተሩ ተከፍቶ። በሦስት ቀለም የተጻፉ መስመሮች።]

ተራኪ፦ የእኛ ደብተር ዛሬ ይህን ይመስላል። በሰማያዊ፣ ወረቀት ያለን፦ ሜዳዩና ማኅተሙ የጠፋው ወረቀት። በአረንጓዴ፣ ሁለት ሰው ሳይነጋገር የነገረን፦ የደጃች አበራ ጭፍራ መሆኑ፣ በክረምቱ በእንጦጦ መውረዱ። በቀይ፣ አንድ ሰው ብቻ ያለው፦ ወደ አበበ አረጋይ መሻገሩ፤ ጨውና ጥይት ማቀበሉም እንዲሁ በቀይ፣ ከጎኑ። በእያንዳንዱ መስመር ስር የተናጋሪው ስም፣ ቀኑና የተቀዳበት ቦታ አለ። ቅጂው በሦስት ሰው እጅ ነው፤ አንዱ እዚህ፣ ሌላው ከተማ፣ ሦስተኛው ውጭ አገር ያለች እህቴ ዘንድ።

ከ1929 እስከ 1933 ያለው ገጽ ባዶ ነው። ባለፈው ሳምንት ሽማግሌው ደውለው ነበር። ከቅድመ አያቴ ጋር አብሮ ጨው ያመላልስ የነበረ ሰው ልጅ በደብረ ሊባኖስ መንገድ፣ ከወዲያኛው ሜዳ አለ ብለዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያቴን ይዤ እሄዳለሁ። መቅጃውን አስቀድሜ ቻርጅ አድርጌዋለሁ።

[ምስል፦ አያት ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ በሩ ላይ።]