ሸክሙን አስረክቡ፣ ጥበቃውን ያዙ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ በቱሉ ዲምቱና በአካባቢው የምትኖሩ ወገኖች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

በአገራችን የጡረታ መውጫው 60 ዓመት ነው፤ በጥንቷ እስራኤል የመገናኛውን ድንኳን የሚያገለግለው ሌዋዊ ግን በ50 ነበር የሚያርፈው። ዘኍልቍ 8 እንደሚነግረን በ25 ዓመቱ ወደ አገልግሎት ይገባል፣ 50 ሲሞላው ሥራውን ያቆማል። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን፤ ከወንድሞቹ ጋር በድንኳኑ ጥበቃ ይቀጥላል። ድንኳን መንቀሉና መትከሉ ይቀርለታል፣ ጥበቃው ግን አይቀርለትም።

በየቤተ ክርስቲያናችን የሚታየው ተገላቢጦሹ ነው። ወይ የሰብሳቢነቱንና የገንዘብ ያዥነቱን ወንበር አንለቅም፣ ወይ «ተራው የወጣቶች ነው» ብለን ጭራሽ ከቤት እንቀራለን። ወንበር ለመልቀቅ 6 ወር መድቡ፤ ግማሹን እናንተ ስትሠሩ ተተኪው ይይ፣ ግማሹን እሱ ይሥራ፣ እናንተ እዩ። ማኅተሙና ቁልፉ በጽሑፍ ይረከብ። የባንክ ፊርማው ሳይቀየር «አስረክቤያለሁ» ማለት ወጣቱን ተላላኪ ማድረግ ነው።

የእኛ ጥበቃ ደግሞ ከቤት መውጣት ያቃታቸውን መጎብኘት ነው፤ እዚሁ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ አለ። አብዛኞቹ ብሎኮች ሊፍት የላቸውም። 4ኛ ፎቅ ያሉ እናት እሑድ ሲቀሩ «ቀዘቀዙ» እንላለን፤ ያስቀራቸው ግን ደረጃው ነው።

ለሁለት ጎብኚዎች 4 ቤት ይበቃል፣ እያንዳንዱን በ2 ሳምንት አንዴ። ብዙ ቤት የያዘ ሰው ቶሎ ይሰለችና ይጠፋል፤ ሲጠብቀው የነበረው ሕመምተኛም ከበፊቱ ይብስበታል። ብቻችሁን አትሂዱ። ቀድማችሁ ደውሉ። ከረፋዱ 4 እስከ 5 ሰዓት ተኩል ጥሩ ነው፤ ምሳ ከደረሰ የቤቱ ሰው ምን ላቅርብ ብሎ ይጨነቃል። 40 ደቂቃ ይበቃል፤ አንድ መዝሙር፣ ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ቁጥሮች፣ 5 ደቂቃ ጸሎት፣ የቀረው ማዳመጥ ነው። እውነቱን እንነጋገርና፣ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ስብከት ማስረዘም የእኛ የሽማግሌዎች ፈተና ነው።

«ጌታ ፈውሶሻል፣ ክኒኑን ተዪው» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። የግፊት መድኃኒት ሲቋረጥ ግፊቱ ተመልሶ ያሻቅባል፣ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል፤ ሰውየው ራሱ ግን ምንም ላይሰማው ይችላል። ከጡረታ ደመወዛችሁም ገንዘብ ቃል አትግቡ፣ ችግሩን ለዲያቆናት አድርሱ። የሰማችሁትን የቤት ጉዳይ «የጸሎት ርዕስ ነው» ብላችሁ ለኅብረቱ አታውጡ፤ ወሬው ከእናንተ ቀድሞ ደረጃውን ይወጣል፣ ያ በርም ዳግመኛ አይከፈትላችሁም።

ጉልበት የሚያማችሁ ከግራውንድና ከ1ኛ ፎቅ አትለፉ። ጭራሽ መውጣት የማትችሉ ስልኩን ያዙ፤ በተወሰነ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት ደውሉ፤ ሰው የሚጠብቀው ነገር ይኑረው።

በሩ አጠገብ መዝገብ ተቀምጧል። ስማችሁን፣ የብሎክ ቁጥራችሁን፣ የሚመቻችሁን ቀንና እስከ ስንተኛ ፎቅ እንደምትወጡ ጻፉ። የፎቁን ነገር እባካችሁ ሳትጨምሩ ጻፉ።