ሰፈራችሁን ማን ሰየመው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ አሜሪካ ትናንሽ ከተሞች አመሠራረትና ስም ባወራን ቀን ስልኩ እረፍት አላገኘም። ሰዓት ያልበቃላቸውን ጥያቄዎች እነሆ በጽሑፍ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ፦ "እዚህ ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ። ስሙ ከግብጿ እስክንድርያ የመጣ ነው ብዬ ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ። ልክ ነኝ?"

ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጆቹን እንደገና መጥራት ሊኖርብዎ ነው። ስሙ የባለመሬቱ ነው። ጆን አሌክሳንደር የሚባል ሰው በ1669 መሬቱን በ6,000 ፓውንድ ትምባሆ ገዛው። ያኔ ቨርጂንያ ውስጥ ትምባሆ እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር። የኛን አሞሌ ጨው ያስቡ። በ1749 የወደብ ከተማዋ ስትቆረቆር መሬቱ ገና በአሌክሳንደር ቤተሰብ እጅ ነበር። ቤልሄቨን ብለው የሚጠሯትም ነበሩ፤ ስሙ ግን አልጸናም። የአሜሪካ ከተማ ስም ሲገርምዎ መጀመሪያ "መሬቱ የማን ነበር?" ብለው ይጠይቁ። እኔ በዚህች ጥያቄ ብዙ ድካም ቀንሻለሁ።

ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ፦ "ከተማችን ድሮ ሌላ ስም ነበራት ሲሉ ሰማሁ። ለምን ተቀየረ?"

ልክ ሰምተሃል ወንድሜ። ፍሌቸር ነበር የምትባለው። ዶናልድ ፍሌቸር የዴንቨር መሬት ሻጭ ነበር። በ1891 ከዴንቨር በስተምሥራቅ ሜዳውን ሸንሽኖ፣ የራሱን ስም ለጥፎ መሸጥ ጀመረ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ የብር ዋጋ ወደቀ። ኮሎራዶ ደግሞ የምትኖረው በብር ማዕድን ነበር። ገዢ ጠፋ፣ ገንዘብ ጠፋ፣ ሰውዬውም እግሬ አውጪኝ አለ። ነዋሪዎቹ ላይ የቀረው የውሃ ዕዳ ነው። አስበው፣ በየቀኑ ደብዳቤህ ላይ ጥሎህ የሄደውን ሰው ስም ትጽፋለህ! እስከ 1907 ታገሡት። ከዚያ ከመንደሮቹ የአንዱን ስም ወስደው ኦሮራ አሏት። የንጋት ወገግታ ማለት ነው። ዛሬ እዚያ ያለው ሐበሻ ብዛት፣ ፍሌቸር ቢያይ ምን ይል ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

ከአዲስ አበባ፦ "ንጉሥ በሌለበት አገር ከተማ ቆርቁሩ ብሎ የሚፈቅደው ማን ነበር?"

ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው በወረቀት ነው። መሬቱ ያለው ሰው ቀያሽ ይቀጥራል። ቀያሹ መንገዱንና ቦታውን በካርታ ይሸነሽናል። ካርታው ካውንቲው (የወረዳ ያህል አስተዳደር) መዝገብ ቤት ይገባል። አንድ ጎጆ ሳይቆም ከተማው ስም አለው፣ ዋና መንገድም አለው። ከዚያ ገዢ ፍለጋ ነው። ከነዚህ ብዙዎቹ ወረቀት ላይ ቀርተዋል።

ከግለሰቡ የባሱት የባቡር ኩባንያዎቹ ናቸው። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ይጠማዋል፤ በየጥቂት ማይሉ ጣቢያ ይፈልጋል። ጣቢያ ካለ ደግሞ ከተማ ይከተላል። ድሬዳዋን የሚያውቅ ይህ ይገባዋል። ነብራስካ ውስጥ የቡርሊንግተን ኩባንያ ከሊንከን ወደ ምዕራብ ሐዲዱን ሲዘረጋ፣ ጣቢያዎቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ደረደራቸው፦ ክሪት፣ ዶርቼስተር፣ ኤክሲተር፣ ፌርሞንት፣ ግራፍተን፣ ሃርቫርድ፣ ኢንላንድ፣ ጁኒያታ፣ ኬኔሶ፣ ሎዌል። ሀ ሁ እንደሚቆጥር ልጅ! ሃርቫርድ ሲባል ታዲያ ዩኒቨርሲቲ እንዳትፈልጊ። ስሙን ያገኘችው ተራዋ ደርሶ ነው።

ከዳላስ፣ ቴክሳስ፦ "ከሁሉም የሚገርምህ ስም የቱ ነው?"

የኒው ሜክሲኮዋ "ትሩዝ ኦር ኮንሲኩዌንስስ"። "እውነቱን ተናገር ወይ መዘዙን ተቀበል" እንደማለት ነው። የድሮ ስሟ ሆት ስፕሪንግስ፣ ማለትም ፍል ውሃ ነበር። እንደኛው ያለ የሬዲዮ ፕሮግራም ነው ያስቀየራት። አዘጋጁ ራልፍ ኤድዋርድስ በ1950 ለአሥረኛ ዓመቱ "ስሟን በፕሮግራማችን ስም የምትቀይር ከተማ ካለች፣ ከዚያ እናስተላልፋለን" አለ። ፍል ውሃ የሚባል ከተማ ብዙ ስለነበር እነሱም ወደዱት። ሰውዬው ቃሉን ጠበቀ፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት እየተመላለሰ በዓላቸውን አብሯቸው አከበረ። ስሙ አፍ ስለሚሞላ ሰዎቹ ዛሬ "ቲ ኦር ሲ" ነው የሚሉት። ለአዘጋጃችን ነግሬዋለሁ፤ ፈቃደኛ ከተማ ካላችሁ ደውሉለት።

ከዋሽንግተን፦ "ካንሳስ ውስጥ ኒቆዲሞስ የሚባል ከተማ አለ? በሌሊት ወደ ጌታ የመጣው ነው?"

አለ። በዐቢይ ጾም ሰባተኛ እሑድ የምናስበው ኒቆዲሞስ ነው የሚሉ አሉ። ሌሎች ግን በዘፈን የሚወሳ ኒቆዲሞስ የሚባል ባሪያ ነው ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ሰፋሪዎቹ ከባርነት ከወጡ ገና ብዙ ዓመት ያልሆናቸው ሰዎች ናቸውና። በ1877 አንድ ነጭ የመሬት ነጋዴና አንድ ጥቁር ሰባኪ ከሌሎች ጋር ሆነው መሠረቱት። በተበተነው የማስታወቂያ ወረቀት ተስፋ አድርጎ አብዛኛው ሕዝብ ከኬንታኪ መጣ። ሲደርሱ ቤት የለም፣ ዛፍ የለም። በቀጣዩ ዓመት የደረሰች አንዲት የሰባኪ ሚስት ኒቆዲሞስ የታለ ብላ ስትፈልግ፣ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ጭስ አሳዩዋት። ሰዎቹ መሬት ቆፍረው ነበር የሚኖሩት። አለቀሰች። የመጀመሪያውን ክረምት ያለፉት ከአደን ይመለሱ የነበሩ ኦሴጅ የሚባሉ የአገሩ ነባር ሕዝብ ሰዎች ምግብ አካፍለዋቸው እንደሆነ ይነገራል።

ከዚያ ከተማው ቆመ፤ ሱቅ፣ ትምህርት ቤት፣ ጋዜጣ ሁሉ ነበረው። በ1888 ግን ባቡሩ ከወንዙ ማዶ አለፈ። ነጋዴው ሱቁን ነቅሎ ወደ ሐዲዱ ሄደ። ዛሬ የቀሩት ነዋሪዎች ጥቂት ናቸው። ቦታው ከ1996 ጀምሮ በብሔራዊ ታሪካዊነት ተጠብቋል፤ ዘሮቻቸውም በየዓመቱ በበጋ የነጻነት በዓላቸውን ሊያከብሩ ከያሉበት ይሰበሰባሉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ "የብር ምንጭ ይሉናል። ምንጩ የታለ?"

ኤከርን ፓርክ ይሂዱ። በ1840 ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የሚባል የጋዜጣ ሰው ሰሊም በሚባል ፈረሱ ሲሄድ አንድ ምንጭ አገኘ ይባላል። ውሃው ውስጥ ማይካ የሚባል የሚያብረቀርቅ ማዕድን ስብርባሪ እንደ ብር ያበራ ነበር። ቦታውን ገዝቶ የገጠር ቤቱን ሠራ፤ ስሙም ከዚያው ቀረ። ፓርኩ ትንሽ ነው፣ በዛፍ ፍሬ ቅርጽ የተሠራች የእንጨት ዳስ አለች። ጀሪካን ግን ይዘው እንዳይሄዱ። ምንጩ ከደረቀ ቆይቷል።