ደገኛው እንስሳ፦ አክሶሎትል እናሳድግ ወይስ ይቅርብን?

ሰላም፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ሰላም ነኝ፤ ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ። አጠገቤ እንደተለመደው ዳዊት አለ። የዛሬውን ርዕስ የመረጥነው እኛ አይደለንም፤ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ነው።

ዳዊት፦ ገና ሳንጀምር በልጅ አላከክሽ?

ሰላም፦ እውነቴን እኮ ነው! ሦስት ወር ሙሉ «እማ፣ አክሶሎትል ግዢልኝ»። ቁርስ ላይ አክሶሎትል፣ መኪና ውስጥ አክሶሎትል። መጀመሪያማ የመድኃኒት ስም መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

ዳዊት፦ (ሳቅ) ከማይንክራፍት፣ ከቪዲዮ ጌሙ ነው ያመጣው።

ሰላም፦ ከየት ሊያመጣው!

ዳዊት፦ በ2021 ነው ጌሙ ውስጥ ያስገቡት። ጌሙ ላይ ልጁ በባልዲ ይዞት ይዞራል፣ አብሮት ይዋጋል። እውነተኛው አክሶሎትል ደግሞ የመስታወት የውሃ ታንኩ ውስጥ ጋደም ብሎ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። አይታቀፍም፣ አይደባበስም። ቆዳው ስስ ነው፤ እጃችን ላይ ያለው ሎሽንና ሳሙና ይጎዳዋል። የሚታይ እንጂ የሚነካ አይደለም በይው።

ሰላም፦ ብዬዋለሁ። «እሺ፣ አልነካውም» አለና አረፈ። እስቲ ለማያውቁት ምን እንደሆነ ንገራቸው፤ አራት ዓመት ያሳደግከው አንተ ነህ።

ዳዊት፦ ብዙ ሰው ዓሣ ይመስለዋል፤ አይደለም። ሳላማንደር ነው፤ የእንቁራሪት የሩቅ ዘመድ በይው። እንቁራሪት በልጅነቷ ጅራት አላት፣ ውሃ ውስጥ በስንጥብ ትተነፍሳለች፤ ስታድግ እግር አውጥታ፣ ሳንባ አብጅታ ወደ የብስ ትወጣለች። ይሄኛው እግር ያወጣል፣ ሳንባም አለው፣ ግን ከውሃው አይወጣም። ስንጥቡን እንደያዘ ያረጃል፣ እንደ ልጅ ሆኖም ይራባል። ስንጥቡ ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ሆኖ እንደ ላባ የተበተነው ነው፤ ከእንቅልፏ ተነስታ ፀጉሯ ያልተበጠረ ሕፃን ነው የሚመስለው። ለዚህ ነው የኔን «ማሙሽ» ያልኩት። ዕድሜ ልኩን የማያድግ ማሙሽ።

ሰላም፦ በኋላ ሴት ሆነች አላልክም?

ዳዊት፦ ዓመት ተኩል ሲሞላት። ከዚያ በፊት ጾታቸው በደንብ አይለይም። ስሙ ግን ጸና። አሁን 25 ሴንቲሜትር ሆናለች፤ ማሙሽ ሲሏት እሷም ግድ የላትም።

ሰላም፦ ልጄ ደግሞ እግሩ ቢቆረጥ ይበቅላል ይላል።

ዳዊት፦ እውነቱን ነው። እግር ብቻ አይደለም፤ ጅራት፣ የአከርካሪ ሕብለ ሰረሰር፣ የልብና የአንጎል ክፍል ሳይቀር መልሶ ያበቅላል። ለዚህ ነው ሳይንቲስቶች የማይለቁት። በ1864 ነው ከሜክሲኮ 34 አክሶሎትሎች ፓሪስ የገቡት፤ በዓለም ላይ በየላቦራቶሪውና በየቤቱ ያሉት አብዛኞቹ ዘራቸው ከእነዚያ ይመዘዛል። በአገሩ ግን እያለቀ ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ሶቺሚልኮ በሚባለው የቦይ አካባቢ በ1998 ሲቆጠር በካሬ ኪሎሜትር 6,000 ገደማ ነበር፤ በ2014 ወደ 36 ወርዷል። ስለዚህ አንዳንድ ሰው «ገዝቼ ላድነው» ሲል እስቃለሁ። ከሱቅ የምትገዢው እዚያ ላሉት የሚጠቅማቸው ነገር የለም።

ሰላም፦ ሶቺሚልኮ ሞቃት አገር አይደለም እንዴ? ሜክሲኮ ሲባል እኔ በረሃና ቁልቋል ነው የሚታየኝ።

ዳዊት፦ እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚሳሳተው! ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ነው ያለው። ከአዲስ አበባ ብዙም አያንስም። ይሄ እንስሳ ደገኛ ነው፣ ሰላም። ከደጋ የወጣ፣ ቆላ ሲወርድ የሚታመም። የሚስማማው ውሃ ከ60 እስከ 64 ፋራናይት ነው፤ በአገራችን ልኬት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ። 75 ካለፈ መሰቃየት ይጀምራል። ሌላ የታንክ እንስሳ ማሞቂያ ትገዢለታለሽ፤ ለዚህ ማቀዝቀዣ ነው የምትገዢው።

ሰላም፦ አዲስ አበባ ብንሆን እኮ ያለ ምንም ወጪ ይኖር ነበር።

ዳዊት፦ ሐምሌ ላይማ ጋቢም ያስፈልገው ነበር። (ሳቅ) እዚህ ግን ሐምሌን እኔ ጠይቂኝ። ማሙሽን በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ፣ ኤሲው ደግሞ ተበላሽቷል። ጠዋት ስገባ የታንኩ ቴርሞሜትር 79 ይላል። ማሙሽ ወለሉ ላይ ተለጥፋለች፤ የስንጥቧ ላባ ወደፊት ተቆልምሟል፣ የጅራቷ ጫፍ እንደ መንጠቆ ታጥፏል። ትል ባቀርብላት ዞርም አላለች። በረዶ ልገለብጥባት ፍሪዘሩን ከፍቼ እጄን መለስኩ፤ ድንገተኛ ቅዝቃዜም ያንኑ ያህል ይጎዳታል። የውሃ ጠርሙስ አቀዝቅዤ አንድ ባንድ እያንሳፈፍኩ ቀኑን ሙሉ ሳልተኛ ዋልኩ። ማታ ሙቀቱ አልበርድ ሲል ክዳኑን በስቼ በፕላስቲክ ዕቃ፣ በራሷ ውሃ፣ ፍሪጅ ውስጥ አስገባኋት።

ሰላም፦ ፍሪጅ?! ከምግቡ ጋር?

ዳዊት፦ ከንጥር ቅቤው አጠገብ። ለባለቤቴ ግን አልነገርኳትም። ጠዋት ለእንቁላል ፍርፍር ቅቤ ስትፈልግ ዕቃውን ታነሳለች፤ ሽፋሽፍት የሌላቸው ሁለት ዓይኖች አፍጥጠው ያዩዋታል። ጩኸቷን ታች ፎቅ ያለው ጎረቤት ሰምቶ በሩን አንኳኳ። የጭንቅ ቀን ነገር ነው እንጂ ለማንም የምመክረው አይደለም። በሳምንቱ ቺለር፣ ማለትም የውሃ ማቀዝቀዣ፣ ገዛሁ። እንስሳዋን 50 ዶላር ነበር የገዛኋት፤ ታንኩ፣ ፊልተሩ፣ ቺለሩ ሲደመር ከ600 አለፈ።

ሰላም፦ ባለቤትህ ግን እስካሁን አብራህ አለች።

ዳዊት፦ ቅቤውን ቀይራለች።

ሰላም፦ እሺ፣ ገንዘቡም ኤሲውም አለኝ እንበል። ቅዳሜ ታንኩን እገዛለሁ፣ ውሃ እሞላለሁ፣ እሁድ እንስሳው ይገባል።

ዳዊት፦ ለቀብሩ ትዘጋጃለሽ። ክሎሩን የሚያጠፋ ፈሳሽ ብትጨምሪም በቂ አይደለም። ከኩሱ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያው ስንጥቡን ያቃጥለዋል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች ፊልተሩ ውስጥ መራባት አለባቸው። ይሄ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። ታንኩ ባዶ ሆኖ፣ አንቺ አሞኒያ በጠብታ እየመገብሽው።

ሰላም፦ ቆይ፣ ይሄ እኮ እርሾ ነው።

ዳዊት፦ በቃ፣ አገኘሽው! እርሾ ነው። እናቶቻችን እርሾ ሲያልቅባቸው ከጎረቤት እንደሚበደሩት፣ የቆየ ንጹሕ ታንክ ካለው ሰው የፊልተር ስፖንጅ ብትበደሪ ጊዜው በብዙ ያጥራል። ያንን ፊልተር በቧንቧ ውሃ ካጠብሽው ደግሞ እርሾውን ደፋሽው፤ ክሎሩ ይፈጀዋል። ከታንኩ በወጣ ውሃ ነው ለቅለቅ የሚደረገው። የውሃ መመርመሪያው አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ ሲልሽ ያኔ እንስሳውን አምጪ። አንድ ወር ባዶ ውሃ ማየት የማይችል ልጅ አሥር ዓመት እንስሳ ማየት አይችልም።

ሰላም፦ አሥር?

ዳዊት፦ ከ10 እስከ 15 ይኖራሉ። ልጅሽ ኮሌጅ ሲገባ ዶርም ይዞት አይሄድም።

ሰላም፦ ስለዚህ ለራሴ ነው የምገዛው ማለት ነው። ታንኩ ውስጥስ ምን ይደረጋል? እኔ ያየሁት ላይ የሚያማምር ባለቀለም ጠጠር ነበር።

ዳዊት፦ ጠጠር የለም። ሲበላ አፉን ድንገት ከፍቶ ያለውን ሁሉ ስቦ ነው የሚውጠው፤ ጠጠሩ አብሮ ይገባና አንጀቱን ይዘጋዋል። ለእኔ የሸጠልኝ ሰው «ምንም አይለውም» ብሎ አንድ ከረጢት ሰማያዊ ጠጠር አሸክሞኛል፤ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጧል። ደቃቅ አሸዋ ወይም ባዶ መስታወት ይበቃል፤ መደበቂያ ዋሻ፣ ደብዘዝ ያለ ብርሃን። ታንኩ ቢያንስ 30 ጋሎን ይሁን፣ ብቻውን ይኑር። ሁለት ትንንሾች አንድ ላይ ከሆኑ አንዱ የሌላውን እግር ይቆረጥመዋል። ይበቅላል ብሎ ዝም ማለት ግን ግፍ ነው።

ሰላም፦ ምግቡ ትል ነው አልከኝ?

ዳዊት፦ የመሬት ትል። ትልቅ ሲሆን በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ነው። ከዚህ እንስሳ ጋር ያለው ደስታ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ትሉን በመቆንጠጫ ይዤ ፊቷ ላይ አወዛውዛለሁ። ማሙሽ አትንቀሳቀስም። አንገቷን ብቻ ቀስ አድርጋ ታዞራለች፣ ታስባለች፣ ታስባለች... ከዚያ «ጧ!»፤ ትሉ የለም። ሲዋጥ አታይውም። ጫፉ ብቻ ከከንፈሯ ወጥቶ እንደ ፓስታ ይቀራል፤ እሷ ደግሞ ፈገግ ያለች ትመስላለች።

ሰላም፦ አቤት፣ ሰውነቴን ወረረኝ። ሌላ ነገር፦ ኦክላንድ ያለችው አክስቱ «እኔ ገዝቼ ልላክለት» ብላ ነበር።

ዳዊት፦ አትችልም። ካሊፎርኒያ ውስጥ መያዙ ራሱ በሕግ ክልክል ነው። አምልጦ ወይም ተጥሎ ከአገሬው ሳላማንደር ጋር እንዳይዳቀል ነው ፍርሃቱ። ሌሎች የማይፈቅዱ ስቴቶችም አሉ። ሌላ ስቴት ያላችሁ አድማጮች ሳትገዙ የስቴታችሁን ሕግ እዩ። አንቺን ግን የምጠይቅሽ ሌላ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ የት ነሽ?

ሰላም፦ ... አዲስ አበባ። ትኬቱን ቆርጠናል።

ዳዊት፦ አየሽ! እኛ ሰዎች ቤታችን የሚዘጋው ልክ በሚሞቅበት ወር ነው። በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን የሚቀይር፣ ትል በእጁ የሚይዝ ሰው አለሽ?

ሰላም፦ እህቴን ጠየቅኳት። «ድመት ቢሆን እሺ፣ ትል ግን ክርስቶስን አልይዝም» አለችኝ።

ዳዊት፦ የሰጠሁሽን የቤት ሥራስ? ባልዲው?

ሰላም፦ ላድማጮች ልንገር፤ ምንም ሳትገዢ አንድ ባልዲ ውሃ ታንኩን በምታስቀምጪበት ጥግ አኑሪና ቴርሞሜትር ክተቺበት ብሎኝ ነበር። ሳምንት ሆነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ 77።

ዳዊት፦ በሰኔ 77?

ሰላም፦ በሰኔ። ፎቅ ሦስት ነን፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ እዚያው ላይ ነው የሚወድቀው። ቺለር ልግዛ ብል እንኳ ለሁለት ወር ጉዞ ማንም የለኝም። ዘንድሮ አይሆንም፤ ወስኛለሁ። ልጁ ግን ነቅቶብኛል። በቀን ሦስቴ እየለካ ደብተር ላይ ይጽፋል። ቅዳሜ ዕለት ባልዲው ውስጥ በረዶ ሲገለብጥ ያዝኩት። «እማ፣ 64 ሆኗል፤ አሁን ግዢ» ይለኛል።

ዳዊት፦ (ሳቅ) ስንት ሰዓት ቆየለት?

ሰላም፦ ምሳ እስክንበላ።

ዳዊት፦ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይዘሽልኝ ነይ፤ ማሙሽን ያብላ። ትል መያዝ ይችላል?

ሰላም፦ እሱ ይችላል። እኔ መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ።