ሽንኩርቱን ልጣችሁ አሳዩዋቸው

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎቻችን፤ እንደምን አደራችሁ። አካም ቡልተኒ።

በዛሬው የሳይንስ ቀናችን ስለ ሴል ሜምብሬን ጥቂት እንድል ተጠይቄ ነው የቆምኩት። ከናንተ ከወላጆቹ ብዙዎቻችሁን አስተምሬአለሁ። አሁን ደግሞ ልጆቻችሁን እያስተማርኩ ነው። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

በቅርቡ ክፍል ውስጥ «ሴል ሜምብሬን ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። አንዲት ልጅ ተነስታ በአንድ ትንፋሽ ወረደችው፦ «ሴልን ከውጭ የሚሸፍን፣ ከፊል አሳላፊ የሆነ ስስ ሽፋን ነው።» ልክ ናት። «ከፊል አሳላፊ ሲባልስ ምን ማለት ነው?» አልኳት። ዝም አለች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ጥፋቱ የሷ አይደለም። አይታው የማታውቀውን ነገር ነው ያስሸመደድናት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት እዚሁ ጅማ፣ ስሙን በማልጠራው ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ንብረት ክፍል ውስጥ አራት ማይክሮስኮፕ ከነካርቶናቸው እንዳሉ ሰማሁ። ልጠይቅ ሄድኩ። «ማመልከቻ ጻፍ» ተባልኩ። ጻፍኩ። «ይፈቀድና ትመጣለህ» ተባልኩ። ተፈቀደ። «ሞዴል 22 ላይ፣ ማለትም የንብረት ማውጫው ቅጽ ላይ ትፈርማለህ፤ ቢሰበር ከደሞዝህ ነው» ተባልኩ። እሺ፣ አምጡልኝ አልኩ። ባለቁልፉ ለሥልጠና ሄዷል። ሲመለስ ሴሚስተሩ አልቋል።

በዓመቱ ካርቶኑ ተከፈተ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ቁም ሳጥን ውስጥ የሰነበተ ጫማ እንኳን ሻጋታ ያወጣል። ሌንሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ አየሁት። ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ነገር ወሮታል። ሦስቱ እንደዚያው ነበሩ። አንድ ልጅ አልነካቸውም! አንድ ዓይን አላየባቸውም! እንዳይሰበሩ ተቆልፎባቸው ሻጋታ በላቸው።

እኔ ይሰበር ባይ ነኝ። ልጅ ሲማርበት የተሰበረ ማይክሮስኮፕ ሥራውን ሠርቷል። ደሞዜንም ይቁረጡት!

አራተኛው ደህና ነበር። በማግስቱ ክፍል ይዤው ገባሁ። ከሰፈር ሱቅ ቀይ ሽንኩርት ገዛን። ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ስስ ልጣጭ በምላጭ አንስተን፣ ስላይድ ላይ ውሃ ጠብ አድርገን አነጠፍነው። በ100 እጥፍ ሲታይ እንደ ጡብ የተደረደሩ ወይን ጠጅ ክፍሎች ናቸው። ከዚያ በስላይዱ ጠርዝ የጨው ውሃ ጨመርን። ሌንሱ ላይ የነበረው ልጅ ጮኸ፦ «ቲቸር፣ እየሸሸ ነው!»

ቀለሙ ሜምብሬኑን ከውጭ ከከበበው ጠንካራ የሽንኩርት ሴል ግድግዳ እየለቀቀ ወደ መሃል ይሰበሰብ ጀመር። ግድግዳው ግን ቦታውን አልለቀቀም። ጨዉ ከውጭ ስለበዛ ውሃው ሜምብሬኑን አልፎ ወጣ፤ ቀለሙ ግን ማለፍ አልተፈቀደለትም። ያ የሚሸበሸበው ከረጢት ጠርዙ ነው ሜምብሬኑ። የጨዉን ውሃ በሶፍት ጫፍ መጠጥ አድርገን ንጹሕ ውሃ ስንተካ ከረጢቱ ተመልሶ ሞላ። ከዚያ ቀን በኋላ እዚያ ክፍል ውስጥ «ከፊል አሳላፊ» ምን ማለት እንደሆነ የጠፋው ልጅ አልነበረም።

እሺ፣ ይህ ሜምብሬን ከምን ተሠራ? ውፍረቱ ወደ 8 ናኖሜትር ነው። አንዱን በአንዱ ላይ ብትደራርቡት አንድ ሚሊ ሜትር ለመሙላት ከ120 ሺህ በላይ ያስፈልጋል። አሠራሩን ለማስረዳት ግን የኛው የጅማ በርጩማ ይበቃል። ከሦስት እግሩ አንዱን ቀንሱለት። መቀመጫው፣ ሜምብሬኑ የተሠራበት ፎስፎሊፒድ የሚባለው ሞለኪውል ራስ ነው፤ ውሃ ይወዳል። ሁለቱ እግሮች ስብ ናቸው፤ ውሃ ይሸሻሉ። ሴል ደግሞ ከውስጥም ከውጭም ውሃ ነው። በርጩማዎቹ ታዲያ መቀመጫቸውን ወደ ውሃው፣ እግራቸውን እርስ በርስ አድርገው በሁለት ረድፍ ይሰለፋሉ። የሚደረድራቸው የለም፤ ውሃው ራሱ ያስገድዳቸዋል።

ሁለት ረድፍ መሆኑ እንዴት ታወቀ መሰላችሁ? በፈረንጆቹ 1925 ጎርተር እና ግሬንደል የተባሉ ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከቀይ የደም ሴሎች ስቡን አውጥተው ውሃ ላይ ዘረጉት። የሸፈነው ስፋት ሴሎቹ ራሳቸው ካላቸው ስፋት እጥፍ ያህል ሆነ። እንግዲህ ውሃ፣ ስብ እና ልኬት ነው። ወጥ ላይ ዘይት ሲንሳፈፍ ያየ የጅማ ልጅ ይህን ለመረዳት ምን ይጎድለዋል? ቁልፍ ያለው ሰው ካላገደው በቀር ምንም!

ሜምብሬኑ ደግሞ የማይነቃነቅ ግድግዳ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 1970 ፍራይ እና ኤዲዲን የተባሉ ተመራማሪዎች የአይጥና የሰው ሴል አዋሕደው የሁለቱን ሜምብሬን ላይ ያሉ ፕሮቲኖች በተለያየ ቀለም ተከታተሉ። በ40 ደቂቃ ውስጥ ተቀላቀሉ። አንድ ክፍለ ጊዜ ማለት ነው! ሜምብሬን ይፈስሳል፤ ፕሮቲኖቹ በስቡ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። ሲንገር እና ኒኮልሰን በፈረንጆቹ 1972 ያቀረቡትና ዛሬም መጽሐፋችን ላይ ያለው ሞዴል መሠረቱ ይሄ ነው።

ከነዚህ ፕሮቲኖች አንዱን እናቶች ሁሉ ብታውቁት ደስ ይለኛል። አንጀታችን ውስጥ አንድ ግሉኮስ፣ ማለትም ስኳር፣ የሚያስገባው ጨው ውስጥ ካለው ሶዲየም ከሁለቱ ጋር ነው፤ ውሃውም ተከትሎ ይገባል። ልጅ ሲያስቀምጠው በውሃ በጥብጠን የምናጠጣው ኦአርኤስ ውስጥ ስኳርና ጨው አብረው ያሉት ለዚህ ነው። አንዲት ጎረቤቴ ልጇ ቶሎ እንዲጠነክርላት ብላ የሊትሩን ኦአርኤስ በግማሽ ሊትር በጠበጠችው። ልጁ ባሰበት። ሲወፍር ውሃው ከልጁ ሰውነት ወደ አንጀቱ ይሳባላ፤ ያው ሽንኩርቱ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ደረሰችለት። ያቺ እናት ትምህርት ቤት ገብታለች። ስለ ሜምብሬንም ተፈትናለች። አልፋለችም!

ሌላም ብዙ አለ። በያንዳንዱ ዙር ሦስት ሶዲየም አስወጥቶ ሁለት ፖታሲየም የሚያስገባ ፓምፕ አለ፤ ነርቫችን ያለሱ አይሠራም። የጠዋት ቡናችን የሚያነቃንም አንጎል ሴሎች ሜምብሬን ላይ ያለ፣ የድካም መልእክት የሚቀበል አንድ ተቀባይ ላይ ካፌይኑ ቀድሞ ስለሚቀመጥበት ነው። ሰዓቴ ስላለቀ እነዚህን ልጆቻችሁ ያስረዷችሁ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የንብረት ክፍል ኃላፊዎቻችን፣ ርዕሰ መምህራችን፦ የቤተ ሙከራው ቁልፍ ከዛሬ ጀምሮ መምህራን ክፍል ይሰቀል። መፈረም ካስፈለገ እኔ እፈርማለሁ።

ማይክሮስኮፑ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሽንኩርቱን የስምንተኛ ክፍል ልጆች ልጠውታል፤ የጨው ውሃውም ብርጭቆ ውስጥ አለ። ተማሪዎች፣ ወረፋውን ለእናቶቻችሁ ልቀቁላቸው። ቅድሚያ እነሱ ይዩ።

አመሰግናለሁ። ገለቶማ።